አውሬውን ያባረረው ማን ነው?

(ይህ ጽሑፍ ቪየና የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ ከሰዓት በምንሰበሰብበት አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተናገርኩት ብዙም ሳልቀይር አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆችም እንደምን ዋላችሁ። ድምፄ ይሰማል? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሥዕል እናያለን።

አዘጋጆቹ “ስለ ሥዕል አንድ ነገር አውራን” ሲሉኝ አንዳንዶቻችሁ ቅዱሳን ሥዕላት ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ይዤ የመጣሁት አደን ነው። ፈረስ፣ ውሻ፣ አጋዘን፣ ደም። በዚህ ከተማ ቤተ መንግሥት ግቡ፣ ሙዚየም ግቡ፣ ግድግዳው ላይ አደን አታጡም። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ይዘነው እንሄዳለን። ፎቶ እንነሣለን። እንወጣለን። ግን አንድ ቀን ቆም ብለን “ይህ ሁሉ አደን ለምን ተሳለ?” ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ማን ያድን ነበር፣ ማንስ ተከልክሎ ነበር? ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ጌታውን የት አቆመው፣ ሎሌውንስ የት አቆመው? ሦስተኛ፣ ጌታ የሌለበት አንድ ሥዕል አለ፤ እሱን አሳያችኋለሁ። በመሃል ወደ ራሴ ታሪክ እገባለሁ፤ ታገሡኝ። እኔ እነዚህን ሥዕሎች ማየት የጀመርኩት በመጽሐፍ አይደለም፤ በእግሬ ነው።

እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ኅዳር። ቋንቋው ገና ነው፣ ሥራ የለኝም። አብሮኝ የሚኖር ልጅ “ቅዳሜ የአንድ ቀን ሥራ አለ፣ ጫካ ውስጥ መሄድ ብቻ ነው” አለኝ። በሚኒባስ ወደ ገጠር ወሰዱን። ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሱን፤ ለያንዳንዳችን ዱላ ሰጡን፤ ተራርቀን እንድንሰለፍ አደረጉን። ሥራው እንዲህ ነው፦ ግንዱን በዱላ እየመታህ፣ እየጮህክ፣ ጫካውን እንደ ፀጉር ማበጠር። አውሬው ከኛ ሲሸሽ ማዶ ላይ ጠመንጃ ደግነው የሚጠብቁ ሰዎች እጅ ይገባል። በጀርመንኛ ትራይበር ይሉታል። አባራሪ ማለት ነው። እኔ ያን ቀን አባራሪ ሆኜ ዋልኩ። እሾህ ሱሪዬን ቀደደው፣ ጫማዬ ውኃ ሞላ፣ ድምፄ ተዘጋ።

ሲመሽ ጫካው ዳር ያለች ሜዳ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አነጠፉ። የተገደሉትን አንድ በአንድ በቀኝ ጎናቸው አስተኟቸው። እንደመጣላቸው አይደለም፤ በማዕረግ ነው። መጀመሪያ አጋዘን፣ ቀጥሎ የዱር አሳማ፣ ቀጥሎ ቀበሮ፣ መጨረሻ ላይ ጥንቸል። አጋዘኑ አፍ ውስጥ ቅጠል አጎረሱት። የመጨረሻ ጉርሻው ነው አሉኝ። ከዚያ ሰዎቹም ተሰለፉ። ተኳሾቹ በፊት ለፊት፣ አውሬዎቹን እያዩ። እኛ አባራሪዎቹ ከወዲያ፣ ከአውሬዎቹ ጀርባ። ጥሩምባ ተነፋ። ባርኔጣ ወለቀ።

ክፉ የሠራን ሰው አልነበረም። ትኩስ ሾርባ ሰጡን፣ ገንዘባችንን ከፈሉን። የቆየ ሥርዓት ነው። ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የሞተ አጋዘን ማዕረግ አለው፤ የሚያየው ሰው ቦታ አለው፤ ለኔም የተመደበልኝ ቦታ አለ። ማን ደለደለው? ከመቼ ጀምሮ?

ወደ አንደኛው ነጥብ ገባሁ ማለት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ለአንድ አውሮፓዊ ገበሬ ጫካ ምን ነበር? ማገዶው ነው። የከብቱ ግጦሽ ነው። በክረምት ሥጋም ነው። ለንጉሡ ደግሞ ጫካ ማለት የአደን ቦታ ነው። እንግሊዝን ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 ከያዟት ወዲህ ነገሥታቱ ሰፊ ሰፊ አገር “የንጉሥ ጫካ” እያሉ ከለሉ። ሕጉ ለጫካው ብቻ የወጣ፣ የተለየ ሕግ ነበር። ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማወቅ ትፈልጋላችሁ? በ1217 የጫካ ቻርተር የሚባል ሰነድ ወጣ። እዚያ ላይ “ከእንግዲህ በአጋዘናችን ምክንያት ማንም ነፍሱን ወይም አካሉን አያጣም” የሚል አንቀጽ አለ። “ከእንግዲህ” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት በአንድ አጋዘን የሰው ዓይን ይጠፋ ነበር፤ የሰው አካል ይቆረጥ ነበር።

ወደዚህ አካባቢ እንምጣ። 1525፣ የጀርመን ገበሬዎች ተነሡ። ሜሚንገን በምትባል ከተማ ጥያቄያቸውን በአሥራ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። አራተኛው አንቀጽ ምን ይላል መሰላችሁ? ድሃ ሰው አውሬ፣ ወፍ፣ የወራጅ ውኃ ዓሣ እንዳይነካ ተከልክሏል፤ ይህ አግባብ አይደለም ይላል። ደግሞም የጌታው አውሬ ሰብላችንን እየበላ፣ እኛ ዝም ብለን እንድናይ እንገደዳለን ይላል። እስቲ አስቡት። ማሳህ ውስጥ አጋዘን ገብቶ ስንዴህን ይበላል። አንተ ቆመህ ታያለህ። ድንጋይ ብታነሣ ወንጀለኛ ነህ። እንሰሳው የጌታ ነዋ!

እዚህ አዳራሽ ገጠር ያደገ አለ? እጃችሁን እስቲ። ይኸው፣ ግማሹ ሰው። ዝንጀሮ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ይህ ሕመም ይገባዋል። እኛ ግን ቢያንስ ወንጭፍ ነበረን።

ያ አመፅ በጦር ተደመሰሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። የአደን መብት የትም አልሄደም፤ እዚያው ጌቶቹ እጅ ቀረ።

እንግሊዝ ደግሞ በ1671 ሌላ ሕግ አወጣች። ቆቅና ጥንቸል እንኳ ለማደን በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ የራስህ መሬት ሊኖርህ ይገባል። በዚያ ዘመን ለፓርላማ ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገው 40 ሺሊንግ የሚያስገባ መሬት ነው። አስሉት፤ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነው። ቆቅ ለመግደል፣ የአገሩን ሕግ አውጪ ለመምረጥ ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ሀብት ያስፈልጋል! በ1723 ደግሞ ፊቱን ጥላሸት ቀብቶ ጫካ ውስጥ አጋዘን ሲያድን የተገኘ በሞት የሚቀጣበት ሕግ ወጣ። ፊታቸውን ጥላሸት የሚቀቡት እንዳይታወቁ ነው።

ፈረንሳይስ? ፈረንሳይ ውስጥ ይህ የጌቶች መብት የተነሣው በ1789 ነሐሴ ላይ ነው፤ አብዮቱ በፈነዳ በሳምንታት ውስጥ። ከሳምንታት በፊት፣ ባስቲል የሚባለው የፓሪስ እስር ቤት በተሰበረበት ዕለት፣ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ማስታወሻው ላይ “ምንም” ብሎ ጻፈ። ማስታወሻው በዋናነት የአደን መዝገብ ነበር። ያን ቀን ምንም አልገደለም።

እንግዲህ አደን የሥጋ ጉዳይ አልነበረም። ጌታ ሥጋ አጥቶ አያውቅም። “ይህ ጫካ የማን ነው” የሚለው ጥያቄ ነው። ሥዕሉ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ።

ሁለተኛው ነጥብ። ይኸው ሥዕል፣ እዚሁ ከተማችን ኩንስትሂስቶሪሽስ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ሠዓሊው ሉካስ ክራናኽ ነው፤ የሳክሶኒ መስፍን የቤተ መንግሥት ሠዓሊ። የሳለው በ1529 ነው። የገበሬዎቹ ጦርነት ባለቀ በአራት ዓመቱ! ልብ አድርጉ፣ በአራት ዓመቱ። መሃል ላይ ወንዝ አለ። አጋዘኖች መንጋ ሆነው ወንዙ ውስጥ ገብተዋል፤ ውሾች እየተከተሉ ይዋኛሉ። ከታች፣ ከፊት ለፊት፣ ሦስት መኳንንት ቀስታቸውን ደግነዋል። መስፍኑ ፍሬድሪክ፣ ወንድሙ ዮሐንስ፣ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን። ፍሬድሪክ የሞተው በ1525፣ ማክሲሚሊያን በ1519 ነው። ሥዕሉ ሲሳል ሁለቱ መቃብር ውስጥ ናቸው። ጌታ ከሞተ በኋላም በሥዕሉ ላይ እያደነ ይኖራል።

ይህን ሥዕል መጀመሪያ ያየሁት ያቺ ቅዳሜ ካለፈች ከዓመታት በኋላ ነው። መኳንንቱን አላየኋቸውም። እውነቴን ነው። ዓይኔ ቀጥ ብሎ የሄደው እነዚህን አጋዘኖች ከጫካ ያወጣቸው ማን ነው ወደሚለው ነው። አጋዘን ዝም ብሎ ተሰልፎ ወንዝ አይገባም! ሰው ነድቶት ነው። የመስፍኑ ጭሰኞች ለአደን የመውጣት ግዴታ ነበረባቸው፤ እርሻቸውን ትተው፣ ያለ ክፍያ። እኔ እንኳን ተከፍሎኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአደን ሥዕል ፊት ስቆም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አባራሪው የት አለ? ዱላ የያዘውን ፈልጉ። ውሻ የያዘውን ፈልጉ። ፈረስ የያዘውን ፈልጉ።

ፓሪስ ሉቭር ውስጥ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ አለ፤ ቫን ዳይክ በ1635 ገደማ የሳለው። “ንጉሡ አደን ላይ” ይባላል። አንድም የሞተ አውሬ የለም። ንጉሡ ከፈረሱ ወርዶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደኛ ዞሮ ያያል። ከኋላው ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል፤ እጅ የሚነሣ ነው የሚመስለው። ፈረሱን የሚይዘው ሎሌ ግን ወደ ጥላው ገባ ብሏል። ንጉሡ ብርሃን ላይ ነው። ሎሌው ከፈረሱ ጋር ነው። ንጉሡ በ1649 በገዛ አገሩ ሰዎች አንገቱን ተቀላ፤ ሥዕሉ ላይ ግን አሁንም ፈረሱ ይሰግድለታል።

ለንደን ደግሞ ጌንስቦሮ በ1750 ገደማ የሳላቸው ባልና ሚስት አሉ፤ ሚስተርና ሚስስ አንድሩስ። ባልየው ጠመንጃውን በብብቱ ይዟል፤ ውሻው ቀና ብሎ ያየዋል። ያቺን የ100 ፓውንድ ሕግ አስታወሳችሁ? ሥዕሉ ሲሳል በሥራ ላይ ነበረች፤ እስከ 1831 አልተነሣችም። ስለዚህ ያ ጠመንጃ “እኔ የተፈቀደልኝ ሰው ነኝ” የሚል ወረቀት ነው። ከጎኑ ደግሞ የታጨደ ስንዴ አለ። ነዶው በሥርዓት ተደርድሯል። ያጨደው ሰው የለም! አንድም ሰው የለም። ነዶው ራሱን አስሮ የቆመ ይመስል። ሚስትየዋ ጭን ላይ ደግሞ ሳይቀባ የቀረ ባዶ ቦታ አለ። ባሏ የገደለው ወፍ ሊሳልበት ነበር የሚሉ አሉ።

መብቱ የሌለውስ? መብቱ የሌለው ሥዕሉን ይገዛል። ሆላንድ ውስጥ ገንዘብ የሞላቸው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ትልልቁ አደን ግን የመኳንንት ነው። ስለዚህ እንደ ያን ዌኒክስ ያሉ ሠዓሊዎች የሞተ ጥንቸል፣ የሞተ ሳቢሳ፣ ከጎኑ ያማረ ጠመንጃ ሳሉላቸው። ነጋዴው ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል።

የፈረንሳዊው ሠዓሊ የፍራንሷ ዴፖርት ነገር ግን ልቤን ይነካዋል። የገበሬ ልጅ ነው። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ የሉዊ 14ኛን አደን እየተከተለ፣ የንጉሡን ውሾች እየሳለ ትልቅ ሰው ሆነ። በ1699 ወደ አካዳሚው ሲገባ ያቀረበው የራሱን ምስል ነው፤ ጠመንጃ ይዞ፣ ውሾቹ አጠገቡ፣ የተገደለው አውሬ ተከምሮ። የገበሬ ልጅ ራሱን ጌታ አድርጎ ሳለ። እኔ አልፈርድበትም። አባቱ ሊቆምበት የማይችለው ቦታ ላይ መቆም ፈለገ።

ሩበንስን ሳላነሣ ባልፍ የጣና ልጅ አይደለሁም። ሙኒክ ውስጥ ለባቫሪያው መስፍን የሳለው የጉማሬ አደን አለ። ጉማሬው አፉን ከፍቶ፣ አዞው ከሥሩ፣ ፈረሶች ከላይ። መስፍን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሰቅሎ የኮራበት ሥዕል ነው። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። እኛ ዘንድ ጉማሬን በእውነት ያድኑ የነበሩት፣ በደንገል ታንኳ ወጥተው ነፍሳቸውን ሰጥተው ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች ናቸው። ምን አገኙ? ሥጋውን በልታችኋል ብለን አብረናቸው ማዕድ አልቆረስንም። የአንበሳና የዝሆን ገዳይ ይፎከርለታል፤ የጉማሬ ገዳይ ይናቃል። ይህን የምለው ፈረንጆቹን ብቻ ከስሰን እንዳንወጣ ነው። እኛም በአደን ሰው ደልድለናል።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ዱካ አዋቂ ነበር። እርጥብ መሬት አይቶ “ድኩላ ናት፣ እርጉዝ ናት፣ ጠዋት ነው ያለፈችው” የሚል ሰው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የአገሩ ባላባት ወደ አባይ በረሃ ለጎሽ ሲወርድ አያቴን ይዞ ይወርዳል። ጎሹን የሚፈልገው አያቴ ነው። ከቁጥቋጦው የሚያስወጣው አያቴ ነው። ባላባቱ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ ተኩሶ አቁስሎት ጎሹ ወደ አያቴ ዞረ፤ አያቴ በጦር ጨረሰው። እናቴ ይህን የነገረችኝ ደጋግማ ነው። አገር ቤት ሲመለሱ እልልታ ሆነ። ለባላባቱ “ገዳይ! ገዳይ!” ተባለለት፣ ቅቤ ተቀባ። አያቴ ቀንዱን ተሸክሞ ከኋላ ነበር። የዘፈኑን ግጥም እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በቃሏ ታውቀው ነበር። የአባቷ ስም የለበትም።

ቬላስኬዝ የስፔኑን ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ የዱር አሳማ አደን ሲስል የሠራውን እዩልኝ፤ ለንደን ነው ያለው። ሰፊ ሜዳ በሸራ ታጥሯል። ንጉሡና መኳንንቱ በፈረስ ሆነው ከአጥሩ ውስጥ ናቸው፤ ደቃቅ ሆነው፣ ራቅ ብለው። ንጉሡን ለማግኘት ዓይናችሁን ማጥበብ አለባችሁ። ከአጥሩ ወዲህ ግን ሕዝቡ አለ፤ ቅርብ ነው፣ ትልቅ ነው። ውሻ የያዘ፣ በቅሎ ጎትቶ የመጣ፣ ቆሞ የሚያወራ። የንጉሡ ሠዓሊ፣ በንጉሡ ብር፣ ንጉሡን አሳንሶ ሎሌውን አቀረበው። ምን አስቦ ይሆን?

ሦስተኛውን ነጥብ ቶሎ እላለሁ፣ የቡናው ሽታ መጥቷል። ግን ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

ፒተር ብሩገል፣ 1565፣ “አዳኞች በበረዶ ላይ”። ይህም እዚሁ ቪየና ነው፤ ከክራናኹ ጋር አንድ ጣራ ሥር። ሦስት ሰዎች በረዶ እየረገጡ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ከኋላቸው ውሾቹ፣ ጭራቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ፈረስ የለም። ጥሩምባ የለም። ጌታ የለም። ያገኙትን ፈልጉ እስቲ። የአንደኛውን ሰው ጀርባ እዩ፦ አንዲት ከሲታ ቀበሮ። ለሦስት ሰው፣ ለዚያ ሁሉ ውሻ፣ አንዲት ቀበሮ። ፊት ለፊታቸው በረዶው ላይ ደግሞ የጥንቸል ዱካ አለ፤ አምልጣለች።

አጋዘንስ? አለ! ወደ ግራ ከፍ ብላችሁ እዩ፤ የመጠጥ ቤቱ ሰሌዳ ላይ። አጋዘኑ ፊት ቅዱስ ተንበርክኮ ተሥሏል፤ ቤቱም በአጋዘኑ ስም የተሰየመ ነው። ሰሌዳው አንዱ ማንጠልጠያ ወልቆ ተንጋዷል። ለነዚህ ሰዎች አጋዘን ያለው ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ሰዎች እሳት አንድደው አሳማ ይለበልባሉ። ክረምቱን የሚያወጣቸው እሱ ነው። ታች ሜዳው ላይ ልጆች በበረዶ ይንሸራተታሉ። ድልድዩ ላይ አንዲት ሴት ጭራሮ ተሸክማ ታልፋለች። ማንም ቀና ብሎ አዳኞቹን አላያቸውም።

ይህንን ሥዕል ያሠራው ድሃ አይደለም፤ ኒክላስ ዮንግሊንክ የሚባል የአንትወርፕ ሀብታም ነጋዴ ነው። ቤቱ ውስጥ ምድጃው ሞቆ፣ ወይኑ ተቀድቶ፣ የነዚህን ሰዎች ብርድ ያያል። እሱን አልረሳሁም። ግን ብሩገል ለዚያ ሀብታም የሰጠው ምንድን ነው? የደከመ እግር ነው። አባራሪዎቹን ከጥጉ አምጥቶ ከፊት አስቀደማቸው። እኔ ይህን እግር አውቀዋለሁ። ጫማው ውኃ የሞላ ሰው አረማመድ ነው። የአያቴን ፎቶ አላየሁም፣ ፎቶም የለው፤ ከኋላ ሆኖ ሲሄድ ግን እንዲህ ይመስለኛል።

ቀበሮዋን የተሸከመውን ሰው ፊት ለማየት ብዙ ሞክሬያለሁ። ወደ ቀኝ ቆሜ፣ ወደ ግራ ቆሜ። አይታይም።

የዛሬ ሳምንት ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ልጆቻችሁን አምጡ፤ ከ19 ዓመት በታች መግቢያ አይከፈልም። ክራናኽ ጋ እንጀምራለን፣ ብሩገል ጋ እንጨርሳለን። ልጆች፣ ለናንተ ሥራ አለኝ፤ በየሥዕሉ ዱላ የያዘውን ቀድሞ ያገኘ ይንገረኝ።

እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ። እትዬ፣ እጅዎን አንሥተው ነበር፤ ጥያቄዎን ይጠይቁኝ።